ምስጋናችን የተከፈለ ስለት ብቻ እንዳይሆን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የመስከረም 21 የግሸን ደብረ ከርቤ ንግሥ ተፈጽሞ ምእመናን ወደየመጡበት የተመለሱበት፣ የመኸሩም እህል ለአጨዳ የሚደርስበት ወቅት በመሆኑ፣ በእኛ በወሎ ክርስቲያኖች ዘንድ እግዚአብሔርን ስለ ማመስገን ከሚነገረውና ከሚደረገው ውስጥ ቢታሰብበት መልካም ነው የምለውን በአንባቢያን አስተያየት አምዳችሁ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሐሳቤን ከወዲሁ ለመናገር፣ ምስጋናችን እየዋለ እያደረ ለተፈጸመ ልመና የሚከፈል ዋጋ እየመሰለ ሄዷል፤ ክፍያውም በድምፅ ማጉያ ይታወጃል። አባቶቻችን ያስረከቡን ምስጋና ግን ሂሳብ የሚዘጋ ክፍያ አልነበረም።

የንግሥ በዓል በሚከበርበት በየትኛውም ደብር ግቢ የተገኘ ሰው የዛሬውን ልማድ ያውቀዋል። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ከተደረገ በኋላ፣ ትምህርቱ አልቆ ወይም ገና ሳያልቅ፣ ማይክሮፎኑ ስለት ወደሚያነበው ሰው እጅ ይገባል። እገሌ ከአዲስ አበባ ይህን ያህል ሺህ ብር፣ እገሊት ከውጭ አገር መጋረጃና ምንጣፍ፣ ሌላው ጃንጥላ፣ ሌላው ለሕንፃው ማሠሪያ ይህን ያህል ኩንታል ሲሚንቶ እየተባለ ይነበባል፤ ገንዘቡ ከፍ ባለ ቁጥር የአንባቢውም ድምፅ ከፍ ይላል፣ ‹እልል በሉ!› የሚለውም ትእዛዝ ይደጋገማል። ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አንድ ደብር ባለፈው ዓመት ከስለት መቀበያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን በጥርሳቸው ፈትተው ሁለት ጧፍና በወረቀት የተጠቀለለች ጥቂት ዕጣን አወጡ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ወጣት ቀና ብሎ ሳያያቸው ‹እማማ፣ ጧፍ ከዚያ ማዶ ነው› አላቸው፤ እርሳቸውም ወደተባሉበት ሄደው አኖሩትና የቤተ መቅደሱን ደፍ ተሳልመው ወጡ። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከፊቱ የገንዘብ መዝገብ ተዘርግቷል፣ ወረፋውም ረጅም ነበር፤ የተሰጠው ሥራ ብር መቁጠር እንጂ ምስጋና መቀበል አልነበረም። እኔን ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

ይህን ስል ስለትን መንቀፌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በመዝሙር 49 ‹ለእግዚአብሔር የምስጋናን መሥዋዕት ሠዋ፥ ለልዑልም ስእለትህን ስጥ› ተብሎ ተጽፏል፤ የሳሙኤል እናት ሐናም ተስላ ነው ልጅ ያገኘችው። ነገር ግን በዚያው መዝሙር፣ ከዚህ ቃል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እግዚአብሔር የዱር አራዊት ሁሉ የእርሱ እንደ ሆኑ፣ ቢራብም ለሰው እንደማይነግር ተናግሯል። እንግዲህ ስለት የሚሰጠው የጎደለበትን ለመሙላት አይደለም፤ አድርጎልኛልና አሁን ተካካስን ለማለትም አይደለም። ሐና የሰጠችው ከተቀበለችው ላይ ቀንሳ ሳይሆን የተቀበለችውን ልጅ ራሱን ነበር፤ ሰጥታም ስትመለስ አፏ በምስጋና ተሞልቶ ነበር። የእኛ አሰጣጥ ግን ብዙ ጊዜ ሰጥቶ መገላገልን ይመስላል።

አሥሩ ለምጻሞችም በዚህ ረገድ የሚያስተምሩን ነገር አለ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጌታ ‹ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ› አላቸው፤ እነርሱም ሲሄዱ ነጹ። ሰባክያን ዘጠኙን ውለታ ቢሶች ብለው ሲወቅሷቸው እሰማለሁ፤ ነገሩን በጥሞና ላየው ሰው ግን ዘጠኙ የታዘዙትን እየፈጸሙ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ሥርዓት ለማድረስ እየገሠገሡ ነበር። ከሥርዓቱ በፊት ወደ ሰጪው መመለስ የታየው ለአንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ሳምራዊ ነበር። ድምፅ ከፍ ማድረጉን በራሱ እንደማልጠላው ከዚሁ ታሪክ ጋር ልጨምር፤ ያ ሰው የተመለሰው በታላቅ ድምፅ እየጮኸ ነው። የጮኸው ግን የእግዚአብሔርን ክብር ነበር፤ የእርሱን ስም ወንጌላዊው እንኳ አልጻፈልንም።

ቅዳሴ የሚያስቀድስ ምእመን ሁሉ የሚሰማው ጸሎተ አኰቴት (የምስጋና ጸሎት) ‹ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ›፣ ማለትም ለእኛ በጎ ያደረገውን እናመሰግናለን፣ ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎም የምስጋናውን ምክንያት ሲናገር፣ ስለ ሸፈነን፣ ስለ ረዳን፣ ስለ ጠበቀን፣ ወደ እርሱም ስላቀረበን፣ ስለ ተቀበለን፣ ስላጸናን፣ እስከዚህችም ሰዓት ስላደረሰን ይላል። ቤት ስለ ሠራን፣ ልጅ ስለ ዳርን፣ ቪዛ ስለ ተመታልን የሚል የለበትም። እነዚህ ምስጋና የማይገባቸው ሆነው አይደለም፤ ዛሬ ቤት የሠራውና በኪራይ የሚንከራተተው፣ ልጅ የታቀፈውና ማሕፀኗ የተዘጋው፣ ሁሉም በአንድ ቅጥር ቆመው እኩል ‹አሜን› ሊሉበት የሚችሉት ምስጋና ያ ስለሆነ ነው እንጂ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ሕዝቡ በየአቅጣጫው ተበትኖ ሲመለስ፣ በራቸው ተገንጥሎ፣ ምጣዳቸው ሳይቀር ተወስዶ ያገኙት ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ‹ተመስገን፣ ነፍሳችን ተርፋለች› ሲሉ ሰምቻለሁ። እነዚያ ሰዎች የዚህን ጸሎት ትርጓሜ እድሜ ልካችንን በማኅሌትና በሰንበት ትምህርት ቤት ካሳለፍነው ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቁርባናችን ራሱ የተመሠረተው በምን ሰዓት እንደ ሆነ ማስታወስም ይገባል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እንደ ጻፈው ጌታ እንጀራውን አንሥቶ ያመሰገነው ‹አልፎ በተሰጠበት በዚያች ሌሊት› ነው። አሳልፎ የሚሰጠው ሰው ከማዕዱ ላይ ሳለ፣ ችንካሩና ጦሩ ሰዓታት ሲቀሩት፣ አመሰገነ፤ መዝሙርም ከዘመሩ በኋላ ወደ ደብረ ዘይት ወጡ። በጌቴሴማኒ ‹ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ› ብሎ የለመነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ጽዋዋም አላለፈችም። ወደ ግሸን የሚወጣ ምእመን ይህን ልብ እንዲለው እመኛለሁ። በመስቀል ቅርጽ ወደ ተዘረጋው ወደዚያ አምባ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ እንዳረፈባት ትውፊታችን ወደሚነግረን ስፍራ፣ ዳገቱን በእግሩ እየቧጠጠ የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ ስለቱ የሰመረለት ነው፤ ሊሳለመው የሚወጣው መስቀል ግን እንደ ተለመነው ያልተደረገበት፣ ምስጋናው ግን አስቀድሞ የቀረበበት ነው። ስለቱ ያልሰመረለት ሰው በዚያ አምባ ላይ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ለመስቀሉ የቀረበው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ የተነሣ አባቶች በመከራ መካከል ማመስገንን እንደ ልዩ ጀግንነት ሳይሆን እንደ ዕለት ተግባር ሲይዙት እናያለን። ዳንኤል ከንጉሡ በቀር ከማንም አምላክ ወይም ሰው እንዳይለመን ትእዛዝ መጻፉን ባወቀ ጊዜ ወደ ቤቱ ገብቶ፣ መስኮቱን እንደ ወትሮው ከፍቶ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ አመሰገነም። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በመንፈቀ ሌሊት ዘመሩ። ከቁስጥንጥንያ መንበሩ ተሰድዶ በ407 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግዞት መንገድ ላይ ያረፈው ዮሐንስ አፈወርቅም፣ የመጨረሻ ቃሉ ‹ስለ ሁሉም ነገር ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን› የሚል እንደ ነበረ ተጽፎለታል።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ከአደባባይ ስብከታችንም ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ወሎ ስለ ማጣት ከማንም መማር አያሻትም። የ1966ቱ ረኀብ እልቂት፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ሜዳ ላይ የፈሰሰው፣ ሥዕሉም ዓለምን ያስደነገጠው ሕዝብ፣ በየቤታችን የሚተረክ እንጂ በመጽሐፍ ብቻ የምናነበው አይደለም። ዛሬም በደጋው ወሎ በልግ የሚያበቅሉ ቀበሌዎች የጥርና የየካቲት ሰማይ ሲነጣባቸው ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ነቢዩ ዕንባቆም በለስ ባታፈራ፣ እርሻ መብልን ባይሰጥ፣ በጎችም ከበረቱ ቢጠፉ ‹እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል› ማለቱን ለእንዲህ ያለ ጊዜ ሲጠቅሱት እሰማለሁ። ዕንባቆም ግን ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ነው፤ በተራበ ሰው ደጃፍ ቆሞ ‹አመስግን እንጂ!› አላለበትም።

ኢዮብም ‹እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ፤ የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን› ሲል ራሱ ነው ያለው፤ የሰጠ ቢነሣ የለበትም ወቀሳ የሚለው ብሂላችንም ከዚሁ የተቀዳ ይመስላል። ወዳጆቹ ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ሥራቸው፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይናገሩት በምድር ላይ አብረውት መቀመጣቸው ነበር፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ይህን የወሎ ቅሬ፣ ማለትም የመቀባበሪያ ዕድራችን፣ ከብዙ ሰባኪ ይልቅ ያውቀዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ በሚቀባበርበት ሰፈር፣ ልጁን የቀበረ አባት ዘንድ የሚመጣ ሰው እህል ውኃውን ይዞ፣ አጎንብሶ ገብቶ፣ ‹አላህ ያጥናህ›፣ ‹እግዜር ያጽናህ› ብሎ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። የምስጋናው ቃል ከሐዘንተኛው አፍ የሚወጣበት ጊዜ ይመጣ ይሆናል፤ በዚያ አባት ፈንታ ግን ሌላ ሰው ሊያመሰግንለት አይችልም፣ ሊያዝዘውም አይገባም። መዝሙረ ዳዊትም ቢሆን በምስጋና ብቻ የተሞላ አይደለም፤ ‹እስከ መቼ?› የሚል ጩኸት ያለባቸው መዝሙራት ብዙ ናቸው፣ እነርሱንም እንደ ሌሎቹ እንደግማቸዋለን።

ሌላው በቀላሉ ከአፋችን የሚወጣው አመሰጋገን ‹ተመስገን፣ የባሰም አለ› የሚለው ነው። አነጋገሩ ትሕትና ያለበት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ከልብ ነው የሚነገረው። ነገር ግን የሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ጎረቤቱን ጠይቆ ወጥቶ ‹እኔስ በጤናዬ ነኝ፣ ተመስገን› የሚል ሰው፣ ምስጋናውን የሠራው በምን ላይ እንደ ሆነ ቆም ብሎ ቢያስበው ይከፋዋል። ፈሪሳዊው በመቅደስ ቆሞ ያደረሰው ጸሎት እኮ የምስጋና ጸሎት ነበር፤ ‹እንደ ሌላ ሰው ሁሉ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ› ነው ያለው። አንድም ነገር አልለመነም። ጸድቆ የተመለሰው ግን ያላመሰገነው፣ ‹ማረኝ› ብቻ ያለው ቀራጭ ነው። በሌላው ጉድለት ላይ ቆሞ ከማመስገን ዝም ማለት ሳይሻል አይቀርም።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስና፣ ምስጋና ከስለት ጠረጴዛ ወዲያ ምን መልክ ሊኖረው ይገባል ለሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ የማይነበብ አንድ ሕግ ልጥቀስለት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 7 ስለ ምስጋና የሚቀርበው መሥዋዕት ሥጋው በቀረበበት ቀን እንዲበላ፣ እስከ ነገም ምንም እንዳይተርፍ ታዝዟል። በሬ ወይም በግ ያቀረበ ሰው ከነቤተሰቡ በአንድ ቀን ሊጨርሰው እንዴት ይችላል? ሕጉ በግልጽ ‹ጎረቤትህን ጥራ› አይልም፤ ግን ካልጠራ በቀር ሊፈጽመው አይችልም። ምስጋናውን ቆልፎ ማሳደር ተከልክሏልና። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 ደግሞ የምድሩን በኩራት በቅርጫት ይዞ የመጣ ገበሬ ከሌዋዊውና በመካከሉ ካለው መጻተኛ ጋር ደስ እንዲለው ታዝዟል።

በአምባሰል ገበሬ የነበረው አባቴ ኦሪትን አንብቦ አያውቅም፤ ማንበብም አይችልም ነበር። የአውድማውን ሥርዓት ግን ከዚያው የተማረ ይመስል ነበር። በእበት የተለቀለቀው አውድማ ላይ በሬዎቹ አበራይተው፣ እህሉ በመንሽና በላይዳ ለነፋስ ተሰጥቶ፣ ገለባው ወደ አንድ ወገን ምርቱ ወደ ሌላው ሲለይ፣ ምርቱ ላይ ላይዳውን ይሰካና በስመ አብ ብሎ ያማትባል፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ቁና ይዞ አይቀርብም። ከዚያ የሚሰፈረው የመጀመሪያው ወደ ጎተራ አይሄድም፤ የደብሩ ድርሻ ለብቻው ይቀመጣል፣ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ብሎ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ በአኮፋዳው ይሰጠዋል፣ ከላይኛው መንደር የምትመጣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሙስሊም ጎረቤታችንም አቁማዳዋን ይዛ ትመጣለች። እርሷ እጇን ዘርግታ ዱዓ ስታደርግ አባቴ ቆቡን አውልቆ ቆሞ ‹አሜን› ሲል አስታውሳለሁ። ያንን ሁሉ ማንም በመዝገብ አልጻፈውም። ምርቱ ሲያንስም የሚሰጠው ያንሳል እንጂ መስጠቱ አይቀርም ነበር፤ እናቴ በክፉው ዘመን አንድ ሽሮ ዕቃ ጎመን ቀቅላ በእገሌ ቤት ጭስ አይታይም ብላ ግማሹን ስትልክ ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህ ሁሉ ጨርሶ ጠፍቷል አልልም። በየወሩ የሚደረገው ዝክርና የማኅበር ጽዋ ዛሬም አለ፤ ለሙስሊም ጎረቤት የሚሆነው ዳቦና ንፍሮ ለብቻ በንጽሕና የሚዘጋጅበት ቤት በደሴም በወልድያም ሞልቷል። የምለው፣ በቤታችን የምናውቀውን አመሰጋገን በቤተ ክርስቲያን አደባባይ በገንዘብ ማስታወቂያ እየተካነው ነው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 9 ለድሆች ስለሚሰበሰበው እርዳታ ሲናገር፣ ነገሩ የጎደላቸውን መሙላት ብቻ እንዳልሆነ፣ በብዙዎች አፍ ለእግዚአብሔር ምስጋናን እንደሚያበዛ ያስረዳል። እንደ እርሱ አባባል ምስጋና በተቀባዩም አፍ ይበዛል፤ እንግዲህ ምስጋናዬን ማብዛት የምፈልግ ከሆነ፣ ሌላውን ሰው የሚያመሰግንበት ነገር እንዲያገኝ ማድረግ አንዱ መንገድ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለየደብሩ ሰበካ ጉባኤያት በትሕትና የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። የብሩ መጠን በድምፅ ማጉያ መነበቡ ይቅር፤ ገቢው በደረሰኝና በመዝገብ ይያዝ፣ የሰጪው የክርስትና ስም ብቻ ለጸሎት ይሰጥ፤ እግዚአብሔር ሰውየውን ለማወቅ የባንክ ማስተላለፊያ ቁጥር አያስፈልገውም። ገንዘቡ ይቀንሳል የሚል ሥጋት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሕንፃ የጀመሩ ደብሮች ችግራቸው እውነተኛ ነው፣ ምእመኑም ሌላው ሲሰጥ ሰምቶ የሚነቃቃበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ለሕንፃው የሚሆን ገንዘብ ግን ሕንፃ እንደ ሆነ ተነግሮ፣ ዕቅዱና ወጪው ለምእመኑ ቀርቦ በግልጽ ሊለመን ይችላል፤ ምስጋና የሚል ስም ሊሰጠው አይገባም። ጌታ በመቅደሱ መዝገብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ብዙ የሚጥሉትን ባለጠጎች አይቶ አንዳቸውንም አላመሰገነም፤ ያመሰገነው ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ነው፣ የተናገረውም ለደቀ መዛሙርቱ እንጂ ለአደባባዩ አልነበረም።

በየንግሡ ከሚገባው ስለት የተወሰነው ክፍል በዚያው ዕለት ለሚበላ ማዕድ ቢውል፣ በተለይም በልጉ በቀረበት ዓመት ከደጋው ቀበሌዎች ለሚመጡ ሰዎችና ከቀያቸው ተፈናቅለው በከተማችን ለሚገኙ ወገኖች ቢደርስ፣ የኦሪቱንም ሕግ የአባቶቻችንንም ልማድ የጠበቀ ይሆናል። አንዳንድ ደብሮች ይህን አስቀድመው እያደረጉ ሊሆን ይችላልና፣ ከአንባቢያን መካከል በሰበካ ጉባኤ የሚያገለግሉ ካሉ እንዴት እንደ ጀመሩትና ምን እንዳጋጠማቸው በዚሁ አምድ ቢጽፉልን፣ የእኔን ሐሳብም የሚያርም ካለ ቢያርመኝ በደስታ አነባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ